ጎምቦ የከመረው ድንጋይ

ጎምቦ የከመረው ሰባት ድንጋይ ብቻ ነበር። ይህን በወረዳችን ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ተናግሯል። ሁሉም አመነው። የተለወጠ ነገር ግን የለም።

ጎምቦ ግመል አርቢ ነበር። አባቱ ድንኳን በተከለበት፣ ቀይ ገደል በሚባለው ቦታ ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖረ። ዋና ከተማዋን ኡላንባታርን ያያት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለውትድርና፣ አንዴ ለጥርሱ። ሁለቱንም ጊዜ ቶሎ ተመለሰ።

በአቆጣጠራችን በነብር ዓመት፣ ዙድ የምንለው የበረዶ እልቂት መጣ። በረዶው ሣሩን ከላይ ቆለፈው፤ እንስሳው እንደቆመ ደርቆ ቀረ። ጎምቦና ሚስቱ ናድሚድ ከነበሯቸው ሦስት መቶ አርባ እንስሳት አሥራ አንድ ፍየልና አንድ ግመል ተረፉ። ጎረቤታቸው ባልዳን የቀረውን ሸጦ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ። በዚያ በጋ አሥራ አራት ቤተሰብ ከነድንኳኑ ጭኖ ወደ ከተማ ወሰደ።

«ወረፋ ልያዝልህ?» አለው ጎምቦን።

«እኔ አልሄድም።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ከዚያ ይመጣና ምድጃውን በየት በኩል እንጫን ይለኛል።»

ሶሎንጎ የመጣችው በዚያው በጋ ነው። ከከተማ የመጣች የጥንት አጥንት ተመራማሪ ናት። የገደሉን ድንጋይ ተመራማሪዎቹ የጃዶህታ አለት ይሉታል። ለጎምቦ የጠጠረ ቀይ አሸዋ ነው። ከውስጡ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በግ የሚያክል፣ ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ እንደ አካፋ የሰፋ አጥንት የተሸከመ እንስሳ ነው። ጎምቦ «በጎቹ» ይላቸዋል።

«ዙድ የማይነካቸው እነዚህ ብቻ ናቸው» አላት፣ ገደሉን እያሳያት።

«ጎምቦ ጓይ፣ እነዚህንም የሆነ ነገር ገድሏቸዋል» አለችው በአክብሮት። «ደግሞ በጎቹ በቅተውኛል። እንቁላሉ ላይ እንደተቀመጠ የሞተ፣ ጭንቅላቱ ያልጠፋ፣ አንድ ያግኙልኝ። ሦስት በጋ እዚሁ እንሰፍራለን። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰውም እንቀጥራለን። እርስዎን።»

ጎምቦ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ጠባቂ ከሆነ ከቀይ ገደል አይነሳም።

በመጸው፣ የጠፋች ፍየል ሲፈልግ አገኘው። ከውሃው ጉድጓድ ወደ ወረዳው ከተማ በሚወስደው የመኪና መንገድ ዳር፣ ጉብታ ላይ ነበር። ረጃጅም ጥፍር ያላቸው ሁለት እጆች እንቁላሎቹን አቅፈዋል። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ጅራቱ በስሱ ከአለቱ ብቅ እያለ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አሸዋው ተንዶበት እንደተቀመጠ ቀርቷል።

ናድሚድን ጠርቶ አሳያት።

«ተነስቶ መሮጥ ይችል ነበር እኮ» አለች።

ጎምቦ በሞተር ብስክሌቱ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቶ ሶሎንጎ ጋ ደወለ። ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። «እንዳይነኩት! በአሸዋ ይሸፍኑት፤ ምልክት ያድርጉበት። በሚመጣው በጋ እመጣለሁ።»

ሸፈነው። ነፋስ አሸዋውን እንዳይወስደው፣ ከሩቅም እንዲታይ፣ ሰባት ድንጋይ ከላዩ ከመረበት።

በእኛ አገር ጉብታ ላይ የተከመረ ድንጋይ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ኦቮ ነው፤ የቦታው ጌታ የሆነው መንፈስ ማረፊያ። የሚያልፍ ሰው ወርዶ አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል፤ ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። የቸኮለ ሳይወርድ በመኪናው ይዞረዋል። ከኦቮ ላይ ድንጋይ የሚያነሳ ግን የለም። ጎምቦ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ በየመንገዱ ሲዞር ኖሯል። ይሄኛውን ግን ምን ብሎ እንደከመረው ስለሚያውቅ፣ ሌላው ሰው እንደማያውቅ አላሰበም።

የበረዶውን ወራት ወረዳው ከተማ ውስጥ በናድሚድ እህት ቤት አሳለፉ። በፀደይ ሲመለሱ ክምሩ ጉልበት ደርሷል። ሰማያዊ የሐር ጨርቅ ታስሮበታል። ከረሜላና የተሰነጠቀ የመኪና መስታወት ተቀምጦበታል።

«አሁኑኑ አፍርሰው» አለች ናድሚድ። «ሰው ሳያይህ።»

ጎምቦ የላይኛውን ድንጋይ አነሳ። ወዲያው ሞተር ብስክሌት ተሰማ። አንድ የማያውቁት መንገደኛ ደርሶ ወረደ፤ የጎምቦን እጅ አየ።

«ትልቅ መርጠዋል፣ ጓይ። መንገድዎ ይቅና።»

ጎምቦ ድንጋዩን መልሶ አስቀመጠው። ሰውየው መዞር ጀመረ፤ ጎምቦም አብሮት ሦስት ጊዜ ዞረ። ናድሚድ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በዚያ በጋ ሶሎንጎ አልመጣችም። የጉዞው ፈቃድ አልደረሰላትም። ዝናብ ግን መጣ፤ ከዙዱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አዲሱ ኦቮ ነው ያመጣው ተባለ። መነኩሴው ላማ ዳንዛን አርባ ሰው አስከትሎ መጥቶ ጸሎት አደረሰበት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሊደረግ ተወሰነ። ጎምቦ ድንጋይ ለማንሳት ደግሞ አልሞከረም።

ሶሎንጎ በሦስተኛው በጋ፣ የጸሎቱ ቀን ጠዋት ደረሰች። ክምሩ ደረቷ ጋ ደርሷል። ዙሪያውን ጎማ ፈትጎት ቦይ ሆኗል። በምዕራብ በኩል ተንበርክካ ከቦዩ ውስጥ ነጫጭ ስብርባሪ ለቀመች።

«ጅራቱ ነው» አለች። «ነበር።»

«ከሥር ያለውስ?»

«ይሄ ሁሉ ክብደት ተጭኖት? ክምሩ ካልተነሳ አላውቅም። እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔን አይሰሙኝም።»

ሕዝቡ ሲሰበሰብ ጎምቦ ቆቡን አውልቆ መሀል ገባ።

«ይህን የከመርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ድንጋይ ነበር። ከሥሩ የጥንት እንስሳ አለ፤ ለእሱ ምልክት ነው ያደረግኩት። ኦቮ አይደለም።»

«በጠዋቱ መጠጡን ጀመርከው እንዴ፣ ጎምቦ?» አለ ባልዳን። ሰው ሳቀ።

ላማው አልሳቀም። «ኦቮ ሁሉ የጀመረው ሰው አለው። ከሰማይ የወረደ አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ ቦታውን ማን አሳየህ?»

«ማንም። ፍየል ጠፍታብኝ ነው።»

«አገኘሃት?»

«አላገኘኋትም።»

«እንግዲያው ፍየሏን የወሰደው ነው ያሳየህ።»

አንዲት አሮጊት ቀርበው የጎምቦን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። አጥንት ከሥሩ እንዳለ የሰማ ሁሉ ተጨማሪ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ። እስከ ቀትር ክምሩ አንድ ስንዝር ጨመረ።

ሶሎንጎ ዕቃዋን ሳታወርድ ደብተሯ ላይ ጥቂት ጻፈች። ወረዳው ካልፈቀደ አንድ ድንጋይ አታነሳም፤ የወረዳው ሹሞች ደግሞ ከነቤተሰባቸው እዚያው ሲዞሩ ነበሩ።

«ጥበቃውስ?» አላት ጎምቦ።

«ምኑን ይጠብቃሉ፣ ጎምቦ ጓይ?» አለች። «እነሱ እየጠበቁት ነው።»

ሹፌሯ ሲነሳ ኦቮውን በመኪናው ሦስት ጊዜ ዞረ። እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቷን ታያለች።

በመጸው ባልዳን መኪናውን ድንኳኑ ደጃፍ አቆመ። ጎምቦ ከድንኳኑ ወጣ።

«ምድጃውን በየት በኩል እንጫን?» አለ።

ባልዳን አልቀለደበትም። ጭነው ሲጨርሱ ሦስቱም ከፊት ተቀመጡ፤ ናድሚድ መሀል። ጉብታው ጋ ሲደርሱ ባልዳን መሪውን አጠፈ።

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለ ጎምቦ።

«አብደሃል? ሳልዞር ስድስት መቶ ኪሎሜትር በዚህ ጎማ?»

በመጀመሪያው ዙር ምንም አልተሰማም። በሁለተኛው፣ በምዕራብ በኩል፣ ጎማው ከቦዩ ሸርተት ሲል እንደ ደረቅ ቂጣ የሚሰበር ነገር ተሰማ። ናድሚድ የባሏን እጅጌ ያዘች። በሦስተኛውም ተሰማ።

ባልዳን አቁሞ ወረደ። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አንስቶ በመስኮቱ ለጎምቦ አቀበለው።

«ያንተ አይደል? አንተ ጣል።»

ጎምቦ ወርዶ ጣለ።