የራናልድ አመድ በሰባተኛው ጉድጓድ

ታም ጌዴስ ጸጉሩ የሸበተው የፖርትናሪን የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭድና ሲከረክም ነው። ሜዳው የባሕሩ አፋፍ ላይ ነው። የስኮትላንድን ጠረፍ ከሜዳ ሜዳ እየዞሩ የሚጫወቱ እንግዶች ሰባተኛው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ዱላቸውን መሬት ላይ ጥለው ፎቶ ይነሳሉ። ታም ባሕሩን ለፈጠረው ይተዋል፤ ሣሩ ግን የእኔ ነው ባይ ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለችውን ለስላሳ ሣር በጫማው የጫረ ሰው፣ ባለማዕረግም ቢሆን፣ የልኩን ሰምቶ ነው የሚሄደው።

ጓደኛው ራናልድ ፍሌት ዓሣ አጥማጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይጫወቱ ነበር። ራናልድ አንድ ጊዜ ኳሷን ሰባተኛው ጉድጓድ ውስጥ በአንድ ምት አስገብቶ፣ ያንኑ ወሬ ዕድሜ ልኩን ሲቸረችር ኖረ። ሲሞት አስከሬኑ ተቃጠለ፤ ሚስቱ ኤልስፔትም አመዱን እዚያው መበተን ፈለገች። በመንደሩ ብዙ ሰው የሚመኘው ይህንኑ ነው፤ ክለቡ ግን አመድ ሣር ያቃጥላል ብሎ ከልክሏል።

«ጎህ ሲቀድ ነይ፤ እኔ ምንም አላየሁም» አላት ታም።

መጣች። የዚያን ዕለት ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አመዱ በመበተን ፈንታ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ዱቄት ተከመረ። ኤልስፔት አልቅሳ ሄደች። በማግስቱ ትልቁ የእንግዶች ውድድር ነው። ታም ያን ነጭ ክምር አይቶ ሐሞቱ ፈሰሰ፤ መጥረጊያ አመጣ። «ይቅር በለኝ፣ ራን» እያለ ጠረገው፤ በአካፋ ዝቆ፣ በጋሪ ጭኖ፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የታጨደ ሣር የሚጣልበት ክምር ላይ ደፋው። የቀረውን በውሃ አጠበው። እንግዶቹ ሣሩን አደነቁ፤ የክለቡ ጸሐፊም ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ሊነግራት ነበር። ግን ኤልስፔት በሳምንቱ ተመልሳ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመችና ስለሚያፈሰው ጣራ፣ ስለ ጎረቤቷ ሌባ ድመት ለባሏ ስታወራ ሰማት፤ ሳይነግራት ወደ ሥራው ተመለሰ። እያደር ባሰበት። እሷ ስትመጣ ማጨጃውን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይቆማል። «እግዜር ይስጥህ፣ ታም» ትለዋለች። ያቺ ምስጋና ከእሳት በላይ ታቃጥለው ነበር፤ ቤቱ ገብቶ ሾርባው እንኳ አይወርድለትም።

ብርዱ ሲበረታ አንድ ቀን፣ «ልጄ ቤቱን ሽጪውና አበርዲን ነይ፣ አብረን እንኑር ትለኛለች» አለችው። ማሞቂያዋ ተበላሽቶ እጇ ተሰነጣጥቋል። «ይሄን ሰውዬ ለማን ትቼው ልሂድ? ደግሞ እየው እስቲ፣ ሣሩ እንዴት እንዳማረበት። በቁሙ አንድ ድንች አብቅሎ የማያውቅ ሰው።»

ታም ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ኤልስፔት፣ እዚህ የለም።»

«ማን?»

«ራን። ያኔውኑ ጠረግኩት። በማግስቱ ውድድር ነበርና ለሣሩ ፈራሁ።»

ስድብ ጠበቀ፤ አልመጣም። «የት ነው ያደረግከው?» አለችው።

ይዟት ሄደ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ባሕሩ አይታይም። የበሰበሰ ሣር፣ ሳማ፣ የዛገ ጋሪ ነው ያለው። ከክምሩ ግማሹ ለአበባ መደብ ተወስዷል፤ ይህንንም ሊደብቃት አልደፈረም። ጆሮው ድረስ ቀላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ያን ሁሉ ወር እኔ ሳወራ፣ አንተ ኮፍያህን አውልቀህ ታዳምጠኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

ኤልስፔት ሳማውን በጫማዋ ገፋ ገፋ አድርጋ መቆሚያ አበጀች።

«እንግዲህ እዚህ ከሆነማ፣ ጥዬው የትም አልሄድም። እኔም ስሞት እዚሁ ጣለኝ፤ መንገዱን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ክምሩ አዙራ፣ ከባሏ ጋር ማውራት እንድትችል ታም እስኪሄድላት ጠበቀች።