ቋጠሮ ችሎት ፊት

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ በቅጽል ስሙ «ቋጠሮ»፣ ሚስቱ የሳሙና ዱቄት እንዳታባክን በትንንሽ ላስቲክ እየቋጠረ ይደብቅባት ነበር። ፖሊስ ቋጠሮዎቹን አገኘና ሰውየው አደንዛዥ ዕፅ በማከፋፈል ተከሰሰ። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ጠበቃው ጎረቤቶቹን ምስክር ጠራ።

«ክቡር ዳኛ፣ እሱ እንኳን ዕፅ ሊያከፋፍል ሰላምታውንም በስስት ነው የሚሰጠን!» አለች አንዷ።

«እኔ ሚስቱ እንኳ ፈገግታውን የማየው በዓመት አንዴ ነው» አለች ባለቤቱ።

ቋጠሮ ደሙ ፈላ። «አንዴ ለጎረቤት ጨው...» ብሎ ሊነሳ ሲል ጠበቃው እግሩን ረገጠው።

«ዝም ይበሉ ጋሼ! ሰጠሁ ካሉ አለቀልዎ!»

ዳኛው «ለሰው ሰጥተህ ታውቃለህ?» አሉት።

ቋጠሮ ክብሩን ከእስር ቤት ጋር መዘነ። «ኧረ በጭራሽ! ለማንም!»

ዳኛው ላቦራቶሪውን እንኳ ሳይጠብቁ ክሱን ዘጉት፤ ቋጠሮም ስስቱ በፍርድ ቤት ማኅተም ተረጋግጦለት በነፃ ተሰናበተ።