ላልታ የተነበበች ሬ

በባልንጀራዬ ቀብር ላይ ሥራዬን ወስደው ለሟች ሰጡት። ነቀምት አጠገብ፣ ጉቴ ያለውን የእሱን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት አዳራሽ ጣራ የሠራነው ሁለታችን ነን። እንጨቱን የቆረጥሁት፣ ላይ ወጥቼ የገጠምሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አስከሬኑ ፊት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ግን ብቻውን እንደሠራው ሆኖ ተነበበ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ እኔ ጥርሴን ነከስሁ።

እውነቱን ልጻፍና፣ በሕይወት እያለም እቀናበት ነበር። ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አንድ የአናጺ ቤት ይዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። በር ሊያሠራ የመጣ ሰው እኔን አልፎ እሱን ነው "አከም ጅርታ፣ ኦቦ?" ብሎ ሰላም የሚለው። እኔ የጎጃሜ ልጅ ነኝ፤ ነቀምት ተወልጄ ያደግሁ፣ ኦሮምኛውንም ከማንም የማላንስ። ቢሆንም ሲስቁ ከእሱ ጋር ይስቃሉ። በሩ አልዘጋም ሲላቸው ደግሞ እኔን ይፈልጋሉ።

ማንበብም ያስተማረኝ እሱ ነው። ይኼ ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል። አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። በአናጺ እርሳስ ጣውላ ላይ ይጽፍልኛል፣ አነብለታለሁ፣ ከዚያ በመላጊያ ፍቀን በር እናደርገዋለን። አንድ ቀን እኔ የጻፍኋትን ፊደል አየና ደንበኞች ፊት፣

"ያ ሂሪያ ኮ፣ ጓዴ፣ ይቺ 'ጠ' ናት፣ ጠረጴዛ አይደለችም! አራተኛውን እግር ምን አመጣው?" አለኝ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በልቤ ግን ጣውላውን አናቱ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ።

የሞተበት ቀን የሠራናቸውን በሮች ወደ ጊምቢ ልንወስድ ነበር። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነበር የቀረው። ሹፌሩ፣ "ባለሙያው እዚህ ይግባ፤ አንተ ከበሮቹ ጋር ላይ ውጣ" አለኝ።

"እኔስ ምንድን ነኝ? ጭነት ነኝ?"

ባልንጀራዬ ገብቶ ነበር፤ ወዲያው ወረደ። "ና፣ አንተ ግባ። እኔ ላይ እሆናለሁ።"

"በአንተ ምጽዋት አልቀመጥም! ሂድ!" አልሁትና ጀርባዬን ሰጠሁት። ሄዱ። ዲጋን አልፈው ወደ ዴዴሳ ሲወርዱ መኪናው ተገለበጠ። እሱም ሹፌሩም በሕይወት አልወጡም። ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር አተረፈህ" ይለኛል። ያተረፈኝ ቅናቴ ነው። ይኼን ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም።

ከቀብሩ በኋላ ታሪኩን ያነበበውን የሚስቱን ወንድም ያዝሁት። አስተማሪ ነው። "ከራሱ ደብተር ነው የገለበጥሁት" ብሎ አሳየኝ። ባልንጀራዬ የተማረው ኦሮምኛ በእኛ ፊደል በሚጻፍበት ዘመን ስለነበር እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው የጻፈው። "ገልማ ጉቴ ኢጃሬ" ይላል። ገልማ አዳራሽ ነው። ኢጃሬ ግን ሬዋ ላልታ ስትነበብ "ሠራሁ" ናት፣ የአንድ ሰው ሥራ፤ ጠብቃ ስትነበብ "ሠራን" ትሆናለች። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። አስተማሪው በቁቤ፣ የሚጠብቅ ድምፅ ሁለቴ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል ያደገ ነው፤ አንድ ሬ ሲያይ አላልቶ አነበባት።

"ኦቦ፣ የሞተ ሰው ነገር ነው፤ ቢቀር ምን አለበት?" አለኝ።

"የሞተው እሱ ነው። እኔ አልሞትሁም።"

አዳራሹ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው በዚያው ፊደል ፍቆኝ ከሆነስ? ይኼን ሳላውቅ እንዴት ላልቅስለት? ስድስት ወር ሙሉ አላለቀስሁም፤ ቤቱም አልሄድሁም።

በመጨረሻ ሄድሁ። ሚስቱ በረንዳ ላይ ባቄላ ትለቅም ነበር።

"ዛሬ ምን አስታወሰህ?"

"ደብተሩን አምጪልኝ፣ አዴ።"

አመጣችው። እሷ ማንበብ አትችልም፤ "ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አለችኝ። ሆነ ብዬ አላልቼ አነበብሁት። እጇን ከባቄላው አነሳች።

"ምነው አቀለልኸው? ጠበቅ አድርገው እንጂ። እሱ ሲጽፍ እያነበነበ ነበር የሚጽፈው፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።"

"እኔን ለማስደሰት ነው የምትዪው።"

"አንተን ለማስደሰት? አንተን ያስደሰተ ሰው ማን አለ? ይልቅ ቀጥል!"

ቀጠልሁ። የሚቀጥለው መስመር "ኮርኒሲ ቶልቺኔ" ይላል፤ ኮርኒሱን አበጀን ማለት ነው። ይቺ ቃል ብትጠብቅም ብትላላም ለሁለት ሰው ናት። ደግሜ አነበብኋት።

"ኮርኒሱን ሁለት ሆናችሁ አበጃችሁ፤ ጣራውን ግን ብቻውን ሰቀለው? አሁን ገባህ?" አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። "መቅናትስ ለእኔ ነበር። ስለ እኔ የጻፈው አለ? እስኪ ፈልግ።"

ገጽ በገጽ ፈለግሁላት። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ነው። ስለ እሷ አንድም ቃል የለም። ማዘን ነበረብኝ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ደብተሩን ጭኔ ላይ እንደያዝሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ። እሷም ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች።

ቢሆንም በዚያ አልተውሁትም። በሕዝብ ፊት የተወሰደ በሕዝብ ፊት ይመለስ አልሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መለሱኝ። በሦስተኛው ሚስቱ አብራኝ ሄደች፤ እሷን ግን እምቢ ማለት አልቻሉም። አስተማሪው ጉቴ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ "እርማት አለኝ" አለና ሬዋን አጥብቆ አነበባት። ሕዝቡ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከዚያ እንደገና አለቀሰ፤ ለእሱ። ወደ እኔ የዞረ ጥቂት ነው። ይሁን። ቀኑን እሱ ባስተማረኝ ፊደል ልጻፈው፤ እሑድ ነበር፣ ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን።