የግራው ስፒከር

ብዙ ሰው ላፕቶፕ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ የሚናገር ይመስለዋል። እኔ የምበላው ሩዝ የሚገኘው ግን አልናገርም ከሚሉት ነው።

ፔንግ ጂያ-ሆንግ እባላለሁ። ታይፔ ውስጥ፣ ላፕቶፖች ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሲሠሩ ድምፃቸው እንዲወጣ አደርጋለሁ። ችግሩ እያንዳንዱ አምራች የድምፅ መስመሩን እንዳሻው መዘርጋቱ ነው። አንዳንዱማ ማጉያውን የት እንደደበቀው ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ሊኑክስ ውስጥ ረጅም ዝርዝር አለ፤ «የዚህ ማሽን መለያ ቁጥር ይህ ከሆነ ድምፁን በዚህ በኩል ላክ» የሚል። በአሥራ አራት ዓመት ሁለት መቶ ያህል መስመር ጨምሬበታለሁ። ቢሮ ውስጥ «ወርቅ ጆሮ» ይሉኛል። ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

አምና ግንቦት ላይ ለአንድ አዲስ ላፕቶፕ መስመር ጻፍኩ፤ ማሽኑ ጥርት ብሎ ተናገረ፤ ተደሰትኩ። ከሁለት ወር በኋላ ከምሥራቁ ጠረፍ፣ ከሁዋሊየን ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊዋ ሊሲን የምትባል፣ የታይዋን ነባር ሕዝብ የሆኑትን የአሚሶችን ቋንቋ የምታስተምር መምህርት ናት። የሽማግሌዎችን ዘፈንና ተረት ቀድታ ልጆቹን በትምህርት ቤቱ አሮጌ ላፕቶፖች ታስተምር ነበር። ሊኑክሱ ሲታደስ ሁሉም ላፕቶፖች ዲዳ ሆኑባት። ባየው፣ ለካ ሌላ አምራች የሠራው የትምህርት ቤቱ ማሽን ከእኔው አዲስ ላፕቶፕ ጋር አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ኖሮታል። የአንዱን አፍ ስከፍት የሌላውን ዘግቻለሁ።

ማሽኑ መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ ቢሮአችን ውስጥም አንድ እንኳ ስለሌለ እዚያው ሄጄ መጠገን ነበረብኝ። አንድ ካርቶን የአናናስ ኬክ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ባቡር ተሳፈርኩ።

በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ከሊሲን ጋር አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ አፋን ይባላሉ። ከተቀዱት ዘፈኖች አብዛኞቹ የእሳቸው ናቸው።

«ድምፄን የዋጥከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ኢና» አልኩ። ኢና በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው።

«ከመዋጥህ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ብትሰማው ምን ነበረበት?»

አንዱን ላፕቶፕ ከፍቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ሊኑክሱ ከመለያ ቁጥሩ ሌላ የማሽኑንም ስም እያየ ሁለቱን እንዲለይ አደረግኩት። ዘፈኑ ወጣ። ላቤን ጠርጌ፣ «ይኸው፣ በሁለቱም በኩል» አልኩ።

ኢና አፋን ግን ጎንበስ ብለው አዳመጡና፣ በግራ በኩል ምንም የለም አሉኝ። እኔም እንደ ባለሙያ በትሕትና፣ የሁለቱ ስፒከር ድምፅ ስለሚቀላቀል ያልለመደ ሰው መለየት እንደሚከብደው አስረዳኋቸው። የቀኙን ስፒከር በመዳፋቸው ከደኑት። ዘፈኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ከዚያ ከኋላዬ ቆመው ጣታቸውን በቀኝ ጆሮዬ አጠገብ አጮኹ፤ ሰማሁ። በግራው እስኪጀምሩ ጠበቅኩ። ለካ ሦስት ጊዜ አጩኸው ጨርሰዋል።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማሽኑንስ አንተ ትጠግነዋለህ። አንተን ማን ይጠግንህ?»

የግራው ስፒከር የራሱ የተለየ ማጉያ ነበረው፤ በአንድ ተጨማሪ መስመር ቀሰቀስኩት። ድምፁ መውጣቱን የነገረችኝ ሊሲን ናት።

ታይፔ ስመለስ ሐኪሙ የግራ ጆሮዬ ነርቭ ከደከመ ዓመታት እንዳለፉት ነገረኝ። ለባለቤቴ ለሹ-ሁይ ስነግራት ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማዕድ ላይ በግራዬ ተቀምጣ ታወራኛለች፤ ስለናቅኳት የማልመልስላት መስሏት ነበር። እኔ ደግሞ ትዳራችን ጭቅጭቅ የለበትም እያልኩ ለጓደኞቼ እመካለሁ። ትንሽ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ሳቀች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ቀኜ አዞረች። ያን ቀን ብዙ የቆየ ወቀሳ ሰማሁ።

ቢሮ ውስጥም እጄን አውጥቼ የግራ ጆሮዬን ነገር ተናገርኩ። ደህና ናቸው ብዬ ያሳለፍኳቸውን ማሽኖች በመለኪያ ማይክ እንደገና ፈተሽናቸው፤ አራቱ በግራ በኩል ዲዳ ነበሩ።

እርማቱን ለሊኑክስ ሰዎች በላክኩ ጊዜ፣ እንደ ልማዳችን የፈታኙን ስም ከሥሩ ጻፍኩ፤ «ኢና አፋን፣ ሁዋሊየን»። እርማቶችን የሚመረምረው ሰው፣ ሴትዮዋ የየትኛው ኩባንያ ባለሙያ እንደሆኑ ጠየቀኝ።

የማንም አይደሉም፤ በሁለቱም ጆሯቸው ይሰማሉ ብዬ መለስኩለት።