ቋጥራለች

የአልትራሳውንድ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ሆዴን እያየ ለነርሷ «ከማህፀኗ ጀርባ ፈሳሽ ቋጥራለች» ሲል፣ ውጭ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት አማቴ የደረሰቻቸው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። በእኛ አገር ሴት ቋጠረች ከተባለ ጸነሰች ማለት ነው። ስድስት ዓመት የጠበቋት ቃል ስለሆነች እልልታውን አቀለጡት። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ዝም አሰኛቸው።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ያስረዳኝ ጀመር። ጥቂት ፈሳሽ በጤነኛ ሴትም ይታያል፤ የእኔ ግን በዝቷል፣ ትኩሳትና ሕመምም አለኝ፣ ኢንፌክሽን ነው። ክኒኑን አሥራ አራት ቀን ሳላቋርጥ መዋጥ አለብኝ፣ ባለቤቴም መታከም አለበት። ካልሆነ ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳል። «ችላ ካልሽው የማህፀን ቱቦዎችሽ ተጣብቀው መውለድ ላትችይ ትችያለሽ» አለኝ።

ስወጣ አማቴ አቅፈውኝ አለቀሱ። ሚኒባስ ውስጥ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ደብረ ኤልያስ ስንደርስ ደግሞ ለነገ አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። የሚያግዘኝ ባለቤቴም ሹፌር ነውና በደጀን በኩል ለሥራ ከወጣ ቀናት ሆኖታል።

በማግስቱ አማቴ ክኒኖቹን ትራሴ ሥር አገኟቸው።

«አበድሽ እንዴ! በሆድሽ ይዘሽ መድኃኒት ትውጫለሽ?»

ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉባቸው። ቁልፉን ማተባቸው ላይ ሲቋጥሩት እያየሁ አሁንም ለነገ አልኩ።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ አንዘፈዘፈኝ፤ ሆዴን ጨርቅ ሲነካው እንኳ እጮኽ ነበር። እሳቸው «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ አይዞሽ» እያሉ ግንባሬን ያብሳሉ።

«እማማ፣ የቋጠርኩት ውኃ ነው። ልጅ አይደለም። መድኃኒቴን ይስጡኝ።»

እጃቸው ግንባሬ ላይ ቀረ። ከዚያ ማተባቸውን ያዙ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው፤ በጥርሳቸው ፈቱት።

በዚያው ቀን ማርቆስ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። ሐኪሙ በቁጣ ለምን እንዳቋረጥኩ ሲጠይቀኝ «እኔ ነኝ የደበቅሁባት» አሉ አማቴ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው። ፈሳሹ ዛሬውኑ መቀዳት እንዳለበት፣ ከዚያ በኋላ ስለ መውለዴ ግን ማረጋገጫ መስጠት እንደማይችል ነገራቸው።

ስድስት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጅ ሲሉ የኖሩት ሴት እጄን ጨብጠው ያዙ።

«እሱ ይቅር፣ ዶክተር። ይቺን ልጄን አድንልኝ።»