ውኃ ብቻ የተወጉት አይጦች

በምርምር ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት አይጥ የጠበቁት ሰው «የአይጥ አባት» ይባላሉ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ሣጥን ያጸዳሉ፣ ሰጋቱራ ይቀይራሉ፣ በየማለዳው አይጥ ይመዝናሉ፤ ሳይንሱን ግን ለባለቤቶቹ ትተዋል።

ዘንድሮ ዶክተሯ አዲስ መድኃኒት ይዛ መጣች። ኬሞቴራፒ የአይጦቹን ነጭ የደም ሴሎች ያመናምናል፤ መድኃኒቱ ሴሎቹን ቶሎ ይተካል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ስለዚህ ሁሉም ኬሞቴራፒውን ከተወጉ በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ የጨው ውኃ ብቻ ተወጉ።

ይህ ለአይጥ አባት አልዋጥ አላቸው። «ታሞ ውኃ መወጋት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» ብለው ከምሳቸው የእንቁላል አስኳል እየቆረሱ ለውኃዎቹ ያቃምሱ ጀመር። መድኃኒት ለተወጉት አልሰጡም፤ እነርሱ መድኃኒቱን የመሰለ ዘመድ አላቸው።

በዘጠነኛው ቀን ደም ሲቆጠር ሁለቱም ወገኖች እኩል አገግመው ተገኙ። ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«በቃ ጋሼ፣ አምስት ዓመቴ ገደል ገባ። መድኃኒቱ ከውኃ አይሻልም። ነገ ለኮሚቴው አሳውቄ እዘጋዋለሁ።»

የአይጥ አባት ቢናገሩ ጡረታቸው፣ ዝም ቢሉ ምናልባት ሰው የሚያድነው መድኃኒት ሊቀር ነው።

«ዶክተር... እንቁላል አብልቻቸዋለሁ።»

«ማንን?»

«ውኃዎቹን። አሳዘኑኝ።»

«ጋሼ! ለማነጻጸሪያ አይጥ ይታዘናል?»

«ማን ሊያዝንላቸው ነው ታዲያ? እርስዎ የሚያዝኑት ለመድኃኒትዎ!»

ዶክተሯን ሳቅና ንዴት አንድ ላይ ተናነቋት።

ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ከባድ ውሳኔ አሳለፈ፦ ሙከራው ይደገም፤ ጠባቂው ከአይጥ ክፍል ይነሡ፤ እንቁላል ይዞ መግባት ይከልከል። ርኅራኄ ይዞ መግባትንም ለመከልከል ታስቦ ነበር፤ በር ላይ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚያውቅ አባል ስላልተገኘ ነጥቡ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። ጡረታቸው እንዳይነካ ዶክተሯ ተከራከረችላቸው።

የቀራቸውን ጊዜ በዋናው በር ተቀምጠው የሚገባ የሚወጣውን ሰው መታወቂያ ሲያዩ ከረሙ። ሊሰናበቱ ሳምንት ሲቀራቸው ዶክተሯ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ እጃቸውን ያዘች።

«ሠራ ጋሼ! መድኃኒቱን የተወጉት በዘጠነኛው ቀን አገገሙ!»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውኃዎቹስ?»

«ገና ናቸው። እንደሚጠበቀው።»

የአይጥ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ የሚቀጥለውን ሰው መታወቂያ ግን ገልብጠው እንደ ያዙ ብዙ ቆዩ።