የግራው መሪ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ብዙ አመነታሁ። የሞተ ሰው የለም፣ የተዘረፈ ንብረት የለም፤ ነገሩ የአንድ የመኪና ውድድር ጌም ነው።

እኛ ከተማ፣ ገደብ፣ መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ጌም ቤት ሁለት መሪ ያለው ትልቅ ማሽን ነበር። የሳንቲም ቀዳዳው የእኛን ገንዘብ ስለማይቀበል ባለቤቱ ከጀርባው የበር ደወል ቁልፍ ገጥሞለት እሱን ይጫንልን ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሁልጊዜ በግራው መሪ ነው፣ እኔ በቀኙ። ጌም ቤቱ ጨርሶ ሲዘጋ ባለቤቱ ማሽኑን ፈታው። ሆዱ ውስጥ የነበረው ትምህርት ቤት የምናውቀው ዓይነት ተራ ኮምፒውተር ነው። ሳቅን። ጌሙ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ሰጠን፣ እኔ ጋ ተቀመጠ፤ እኛም ቀድሞ ኮምፒውተር ያገኘ ጌሙን አስነስቶ ሌላውን እንዲጠራ ቃል ተገባባን።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ፣ እሱ አላለፈም። እኔ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት መጣሁ፤ እሱ እዚያው ገደብ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረ።

አጎቴ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። እሁድ እሁድ ቸርች ስለሚውል ቁልፉን ይተውልኛል። ጌሙ በእሱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እሺ አላለም፤ መሪዎቹንና የሳንቲም ሳጥኑን ፈልጎ ሲያጣ ይዘጋል። ከኢንተርኔት ባገኘሁት ትንሽ ፕሮግራም ኪቦርዱ መሪ እንዲመስለው አደረግሁ፤ የደወሉን ቦታ ቁጥር አምስት ተካው። መኪኖቹ ግን ዳገት የያዘ አይሱዙ ይመስል ይንፏቀቁ ነበር። የምስሉን ጥራት ቀነስኩ። በአራተኛው እሁድ ሮጡ። ወዲያው ደወልኩለት።

«አስነሳሁት» አልኩት።

«አቤት ዶክተር። እኔ እኮ አሁን እውነተኛውን ነው የምነዳው። እግሩ ሦስት ቢሆንም።»

«ግራው ያንተ ነው። እሁድ አጎቴ ሱቅ ና፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት።»

«እመጣለሁ፣ ችግር የለም።»

አልመጣም። ጌሙ ሲጀምር ሁለተኛ ተጫዋች ይኖር እንደሆነ ብሎ ከሃያ ወደ ዜሮ ይቆጥራል። በየእሁዱ በግራ እጄ የእሱን ቁልፍ እየተጫንኩ ሁለቱንም መኪና ለመንዳት እሞክር ነበር። የእሱ መኪና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግድግዳ መትቶ ይቆማል፤ እኔ አሸንፋለሁ።

ግንቦት ላይ በስልክ ስንነጋገር አመለጠው። «ባለፈው ጎማ ልገዛ ዲላ መጥቼ…» አለ።

«ለምን አልደወልክም?»

«አጎትህ ሱቅ ድረስ መጥቻለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ የጌሙን ድምፅ ሰማሁት። ተማሪዎቹ መታወቂያ አንጠልጥለው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንዷ ‹ስንተኛ ዓመት ነህ?› አለችኝ። ተመለስኩ።»

እኔ ያን ጊዜ ከበሩ ውስጥ ሆኜ በግራ እጄ ቦታውን እየያዝኩለት ነበር። በሚቀጥለው እሁድ እኔ ገደብ ልምጣ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ጎማውን አገኘህ?» ነው።

«አገኘሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስደውል «ሰው ጭኛለሁ» ይለኛል። ጌሙን ለመጨረሻ ጊዜ ስከፍት ግራ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ቆጠራው ሁለተኛ ተጫዋች ሳይገባ ዜሮ ደረሰ፤ የግራውን መኪና ኮምፒውተሩ ራሱ ያዘው። ኩርባውንም በደንብ ዞረ። ውድድሩ ሳያልቅ አጠፋሁትና የሱቁን ቁልፍ ለአጎቴ መለስኩ። እሁድ ነበር፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.